ለዓይን ግፊት የታዘዘው ጠብታ፦ ከመድኃኒት ቤት እስከ ዓይንዎ

እናቴ የዓይን ጠብታዋን ታስቀምጥ የነበረው ቡፌው ውስጥ፣ ለበዓል ከሚወጡት ሲኒዎች ጀርባ ነው። የልጅ ልጆቿ እንዳይነኩባት። እኔ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለመጣው ሁሉ «በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ» ስል የምውል ሰው ነኝ፤ የእናቴ ጠርሙስ ሁለት ወር ሙሉ ሳያልቅ መክረሙን ግን ልብ አላልኩም። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ «እማዬ፣ ይኼ እኮ በወሩ ማለቅ ነበረበት» ብላት፣ «ታዲያ ዓይኔ ደህና ሆኖ ሳለ በከንቱ ላፍስሰው?» አለችኝ። ለካ ሲቆረቁራት ብቻ ነው የምትጨምረው። የቀጠሮዋ ሰሞን ደግሞ ጠዋትም ማታም አታጓድልም፤ ሐኪሙ እንዳይቆጣት።

እናቴ ግዴለሽ ሴት አይደለችም። ያሳሳታት የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ግላኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ግፊት የምንለው፣ ከደም ግፊት ጋር በስም ይመሳሰል እንጂ ሌላ ነው። ዓይን ውስጥ ሌት ተቀን የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ከእንባ የተለየ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ተዘዋውሮ ወንፊት በመሰለ ጠባብ መውጫ ይፈስሳል። መውጫው አላሳልፍ ሲል ግፊቱ ይጨምርና ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ክር በክር ይበላዋል። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር ዳሩ እይታ ስለሆነ፣ አንዱ ዓይንም የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን፣ ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ዓመታት ይቀመጣል። ጠብታው የቀረዎትን ያቆይልዎታል፤ የሄደውን አይመልስም። ዛሬ ማታ ቢጨምሩትም ቢተዉትም ነገ ጠዋት የሚሰማዎት ልዩነት የለም።

እዚህ ላይ የዓይን ሞራም ያሳስተናል። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ ሲሆን የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። በየሰፈሩ ሞራው ተገፎለት ዓይኑ የበራለት አዛውንት አይጠፋም፤ ሰውም ከግላኮማ ጠብታ ያንኑ ይጠብቃል። ሁለት ጠርሙስ ጨርሶ ዓይኑ ካልበራለት «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ ግን በደንብ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው የሚታየው በሐኪሙ መለኪያ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ጠብታው ለታዘዘልዎት ለእርስዎ፣ ወይም ለእናት ለአባትዎ ለሚጨምሩት ነው።

ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ

ወረፋው ረጅም ነው፣ ውጭ የተቀመጠው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ አብዛኞቻችን ወረቀቱን ተቀብለን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን እንወጣለን። ሁለት ደቂቃ ይውሰዱ። መጀመሪያ «ግፊቴ ስንት ነው? ስንት እንዲሆንልኝ ነው የሚፈለገው?» ብለው ይጠይቁ። በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲለካ ከ10 እስከ 21 ያለው እንደ ተለመደ ይቆጠራል፤ ነርቩ ከተጎዳ ግን ሐኪሙ ከዚያም ዝቅ እንዲል ሊፈልግ ይችላል፤ ግፊታቸው ከ21 በታች ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ቁጥሩን የቀኝና የግራ ብለው ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉት። ዓይንዎ የማይነግርዎትን የሚነግርዎት ይኸው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ስለ ራስዎ ይንገሩ። ሐኪሙ ዓይንዎን እንጂ ኑሮዎን አያየውም። አስም አለብዎት? የልብ ምትዎ ዝግ ይላል፣ የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ? ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት አለርጂ አድርጎብዎት ያውቃል? እርጉዝ ነዎት ወይም ያጠባሉ? እነዚህ የሕክምና ጥያቄዎች ናቸው። ሌሎቹ የኑሮ ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን አያንስም፦ ቤት ፍሪጅ አለ? ጠብታውን የሚጨምርልዎት ሰው አለ ወይስ ብቻዎን ነዎት? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ? በወር ለመድኃኒት ማውጣት የሚችሉት ስንት ነው? ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሦስተኛው ወር የሚቋረጥ ውድ ጠብታ ዘንድሮም ከርሞም ከሚገዛ ርካሽ ጠብታ አይሻልም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑም፣ የታዘዘው ጠብታ እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ከመውጣትዎ በፊት ያጣሩ።

ለምርጫው እንዲረዳዎት የጠብታዎቹን ጠባይ ልንገርዎ። ላታኖፕሮስት በቀን አንዴ፣ ማታ ነው። ዓይን ያቀላል፣ ሽፋሽፍት ያስረዝማል፣ በዓይን ዙሪያ ያለውን ቆዳ ያጠቁራል፤ በአንድ ዓይን ብቻ ከታዘዘ ሁለቱ ዓይኖች የተለያዩ መስለው ይታያሉ። አንዳንዷ ወጣት ሽፋሽፍቷን ወዳው ትስቃለች፤ አንዱ ሹፌር ደግሞ «ዓይንህ ቀላ፣ ጠጥተሃል» እየተባለ ተማርሮ ተወው። ቲሞሎል ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ የሚጨመር የቆየ ጠብታ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፤ አስም ላለበትና የልብ ምቱ ለሚዘገይ ሰው ግን አደገኛ ነው፤ የዓይን ጠብታ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፣ ወደ ደም ይገባል። ዶርዞላማይድ ሲገባ ያቃጥላል፣ አፍን ያመርራል፤ ብቻውን ሲሆን በቀን ሦስቴ ሊታዘዝ ይችላል። ብሪሞኒዲን አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ወራት ቆይቶም ዓይንን በአለርጂ ሊያሳክክ ይችላል፤ ሕፃን አጠገብ አይደርስም። ፓይሎካርፒን በቀን እስከ አራት ጊዜ ነው፣ ቅንድብ አካባቢ ያማል፣ ማታ ማታ እይታን ያጨልማል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅሎ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ካለ ድካም ይቀንሳል።

እንደ እኔ ሐሳብ ሰው ብዙውን ጊዜ ሊመርጥ የሚገባው ዓይነቱን ሳይሆን የጊዜውን ብዛት ነው። በቀን አንዴ የሆነ ነገር ይለመዳል። በቀን አራቴ የሆነ ነገር ሁለቴው ይረሳል።

ስለ ሌዘርም ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የወጣው ትልቅ ጥናት ሕክምናቸውን በሌዘር ከጀመሩት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሦስት ዓመት ድረስ ያለ ጠብታ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ሆኖ እንደ ቆየ አሳይቷል። ከዚህ የበለጠ የሚቀርበን በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ አካባቢ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ነው፦ ከዓመት በኋላ ሌዘሩ በ61 በመቶ ዓይኖች፣ ቲሞሎሉ ደግሞ በ31 በመቶው ተሳክቷል። ልብ ይበሉ፣ ሌዘሩ በሁሉም አልሠራም፤ ለሁሉም የግላኮማ ዓይነት አይሆንም፤ መሣሪያውም በየሆስፒታሉ አይገኝም። ጥያቄው ግን ነፃ ነው። ጠብታ ለመጨመር በምንም መንገድ የማይመቻቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ ሌዘርም ቀዶ ጥገናም በጊዜው ቢነሳ ይሻላል፣ ነርቩ ካለቀ በኋላ ከሚነሳ።

ጠርሙሱን ሲረከቡ

መድኃኒት ቤት ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ይታይልዎት አልልም፤ ካርቶኑን ግን ይዩት። የማብቂያ ቀኑን፣ ስሙን፣ መጠኑን በመቶ ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። ክዳኑ ቢጫ የሆነ ብዙ ጊዜ ቲሞሎል ነው፣ ላታኖፕሮስትም ወደ ቱርኩዝ ሰማያዊ ያደላል፤ ሁሉም አምራች ይህን ስለማይከተል ግን በቀለም ብቻ አይመኑ። የንግድ ስሙ ካለፈው ወር ከተለወጠ አይደንግጡ፣ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ያው መሆኑን ይጠይቁ። ከአሜሪካ ወይም ከጣሊያን ዘመድ የላከው ጠርሙስም እንዲሁ ነው። አንድ ደንበኛዬ ዘመድ ያመጣለትን እንደ አዲስ መድኃኒት ቆጥሮ ከድሮው ጋር ደርቦ ሲጨምር ቆይቷል፤ ሁለቱም ላታኖፕሮስት ነበሩ። ላታኖፕሮስት ደግሞ በቀን ከአንዴ በላይ ሲሆን ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ብር የምትበላ። አንዳንድ ጠርሙስ ጫፉ ሳይበሳ ነው የሚመጣው። ክዳኑ ውስጥ ሹል ነገር አለ፤ ክዳኑን እስከ ታች አጥብቀው ሲያዞሩት እሱ ራሱ ይበሳዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ጫፉን በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ወይም በመርፌ ቁልፍ ይበሳዋል። ቀዳዳው ሲሰፋ ጠብታው ይተልቃል፣ ወር የሚያቆየው ጠርሙስ በሁለት ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ «መድኃኒቱ ተወደደ» ይባላል። ባለሙያውን «አበሳሱን አሳየኝ» ይበሉት። ማሳየት ሥራው ነው።

ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ብዙውን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ግን አይገባም። ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ውጭ ሊቆይ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያስቸግርም፤ አፋር ወይም ጋምቤላ ላሉ ግን ያስቸግራል፣ ስለዚህ ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ። በከፈቱበት ዕለት ቀኑን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ወረቀቱ ስድስት የሚል ከሆነም ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የተረፈው ይጣላል። ቢያሳሳም።

ጠብታዋ ዓይን ውስጥ ስትገባ

እናቴን አንድ ማታ «እስኪ እኔ እያየሁ ጨምሪ» አልኳት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቀና አለች፣ ጠርሙሱን ከላይ ከሩቅ ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ጨመቀች። የመጀመሪያዋ ጉንጯ ላይ፣ ሁለተኛዋ ቅንድቧ ላይ። ሦስተኛዋ ገባች መሰለኝ፤ ወዲያው ዓይኗን አርገብግባ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ምንም አልቀረም። ያንን ሁሉ ጊዜ ስትጨምር እንኳን ነጠላዋን ነበር የምታክመው። እንደሚከተለው አደረግን፤ እርስዎም ይሞክሩት።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጠርሙሱ ላይ «ነቅንቀው ይጠቀሙ» ካለ ይነቅንቁት። ክዳኑን አፉን ወደ ላይ አድርገው ንጹሕ ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ ይጋደሙ፤ ተቀምጦ ከመሞከር መጋደም ይቀላል፣ አልጋ ላይ ያለ ትራስ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። ጣሪያውን ይመልከቱ። በአንድ እጅ ጣት የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት ትንሽ ኪስ ይሠራል፤ ጠብታዋ የምትወድቀው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥቁሩ ላይ አይደለም። ጠርሙሱን የያዘው እጅ ግንባርዎ ላይ ይደገፍ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም በዚህ ይረጋጋል። ጫፉ ከዓይን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል፤ ሽፋሽፍት ከነካ ጀርም ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል።

አንዲት ጠብታ። አንዲት ብቻ። ዓይን ከእንባው ጋር ሊይዝ የሚችለው ከአንዲት ጠብታ መጠን አይበልጥም፤ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን አጥባ ወደ ጉንጭ ትወርዳለች። ከዚያ ዓይንዎን በዝግታ ይክደኑት። ሳይጨምቁ፣ ሳያርገበግቡ። ወዲያው በሌባ ጣት የዓይንዎን የውስጥ ማዕዘን፣ አፍንጫ አጠገብ ያለችውን ጉድጓድ፣ ጫን ያድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ። እዚያ ቦታ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አለ። ጠብታ ከጨመሩ በኋላ ጉሮሮዎ መረር ያለው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ሆድና ወደ ደም እየሄደ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ ልብንና ሳንባንም ያን ያህል አይነካም። ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው የሚሉ ከሆነ «አባታችን ሆይ» በርጋታ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል፤ እናቴ የምትቆጥረው በዚያ ነው። በመጨረሻ በቆዳ ላይ የቀረውን በንጹሕ ሶፍት ያድርቁ፤ በተለይ ላታኖፕሮስት ከሆነ፣ ቆዳ የሚያጠቁረው እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለዎት በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። የመገናኛ ሌንስ የሚያደርጉ አውልቀው ይጨምሩ፣ ሌንሱን ለመመለስም 15 ደቂቃ ይቆዩ።

ጠብታው ሲመጣ ዓይናቸው በራሱ የሚጨፈንባቸው አሉ፤ ሕፃናትም፣ ትልልቆችም። ለእነርሱ ሌላ መንገድ አለ፦ ተጋድመው ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ ጠብታዋ አፍንጫ አጠገብ ባለችው ጉድጓድ ላይ ትውደቅ፣ ከዚያ ዓይን ቀስ ብሎ ሲከፈት ራሷ ተንከባልላ ትገባለች። መግባቷን ማወቅ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይረዳል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ስትገባ ትታወቃለች።

ሰዓቱን ከምን ላይ ያንጠልጥሉት

«አልረሳም» ብለው በራስዎ አይመኩ። ሰው የሚያመውን አይረሳም፣ የማያመውን ይረሳል። ስለዚህ ጠብታውን የማይረሱት ሌላ ነገር ላይ ያንጠልጥሉት። ለማታ ጠብታ እናቴ የመረጠችው የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ነው፤ ሙዚቃው ሲጀምር ትጋደማለች። ጠርሙሱም ከቡፌው ወጥቶ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሪሞቱ ጎን በትንሽ ሰፌድ ተቀመጠ። ለልጆቹ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ለጠዋቱ ፊት መታጠቢያው ይበቃል። ሌሎች ጸሎት፣ ሶላት፣ ጥርስ መፋቂያ፣ የመጀመሪያው ቡና ላይ ያስራሉ፤ ዋናው በየቀኑ የማይቀር መሆኑ ነው። መርፌ መውጊያ ሰዓት አይደለምና አንድ ሰዓት ወዲህ ወዲያ ቢል ዓለም አይገለበጥም።

ስልክ ላይ ማንቂያ የሚሞሉ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ ማታ 2 ሰዓት ማለት 20:00፣ ወይም 8:00 ፒ.ኤም. ነው። ውጭ ያለች ልጅ ለእናቷ በርቀት ስትነግር «ስምንት ሰዓት ላይ» ብላ፣ እናት በእኛ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ፣ ስትጨምር የቆየችበትን ቤት አውቃለሁ።

ማንበብ ለማይችል ወይም ማየት ለደከመ ሰው ጠርሙሱ ላይ ላስቲክ ይጠምጠም፦ አንድ ላስቲክ ማለት በቀን አንዴ፣ ሁለት ላስቲክ ማለት ሁለቴ። በእጅ ይዳሰሳል። ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በየዕለቱ ጭረት ማድረግም ጥሩ ነው፤ ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም የሚለውን ጭቅጭቅ ይቆርጣል።

ከረሱስ? ባስታወሱ ጊዜ ይጨምሩ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉትና እንደ ወትሮው ይቀጥሉ። ማካካሻ ድርብ አይጨመርም።

ጾም፣ ጠበል፣ ገጠር መሄድ

በረመዳን ጠብታ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ልቡ የማይረጋለት ሰው ግን ያለ ጭንቀትም መፍትሔ አለው፦ በእኛ አገር ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ያለው ጊዜ 13 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ በቀን ሁለቴ የሚጨመር ጠብታ በሱሑርና በኢፍጣር ልክክ ብሎ ይገባል። ኦርቶዶክሳውያንም በአብይ ጾም «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም» ብለው ጠብታውን አብረው የሚተዉ አሉ። ጠብታ ምግብ አይደለም፤ ካጠራጠረዎት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ አባቶች መድኃኒት አቁሙ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጠበል የሚጠመቁም ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፤ ከጠብታው በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይተው ይጠመቁ፣ ውሃው መድኃኒቱን እንዳያጥበው።

ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ገጠር ሲወርዱ ጠርሙሱ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መኪናው ጣሪያ ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፀሐይ ያበስለዋል።

አንድ 2.5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 80 ገደማ ጠብታ ይወጣዋል፤ ለሁለት ዓይን በቀን አንዴ ከሆነ 40 ቀን ማለት ነው፣ ከባከነ ግን ከወር አያልፍም። አምስት ሚሊ ሊትሩ ቲሞሎል ለሁለት ዓይን በቀን ሁለቴ ሲሆን ወር ያህል ያደርሳል። መድኃኒት ቤቶች አንዳንዴ ጠብታው የላቸውም፤ ከነማም ቀይ መስቀልም ሊታጣ ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ሲቀል፣ ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ፍለጋውን ይጀምሩ። ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በራስዎ በሌላ አይተኩት፤ ወደ ሐኪምዎ ይደውሉ።

በተለይ ደግሞ ዓይን ሲያሳክክ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የዴክሳሜታሶን ጠብታ እንዳይነኩ። ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ግፊቱን ግን ሊያንረው ይችላል። ጎረቤት «ለእኔ በሁለት ቀን ነው ያሻለኝ» ብሎ የሚሰጥዎት ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ይህን ለመከልከል የገባሁበትን ክርክር ቆጥሬ አልጨርሰውም።

እውነቱን ለሐኪሙ

እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ፓይሎካርፒን ለሚጠቀሙ 184 ሕመምተኞች የማያስታውቅ መቁጠሪያ ያለው ጠርሙስ ተሰጣቸው። ሲጠየቁ ከታዘዘው 97 በመቶውን ጨምረናል አሉ፤ መቁጠሪያው የቆጠረው 76 ነበር። አጨማመራቸውም ቀጠሮ ሊደርስ ሲል ይሻሻል ነበር፤ ልክ እንደ እናቴ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ በነፃ ተሰጥቷቸው፣ መቆጠሩንም እያወቁ፣ ሰዎቹ በሦስት ወር ውስጥ በአማካይ የጨመሩት ከታዘዘው 71 በመቶ ገደማውን ነው። እነዚህን ቁጥሮች የምወዳቸው ስለሚያጽናኑ ነው፦ መርሳት የእኛ ሰፈር ነውር ብቻ አይደለም።

ውሸቱ ግን ያስከፍላል። ግፊትዎ 26 ሆኖ ሳለ «አላቋረጥኩም» ካሉ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሁለተኛ ጠብታ ይጨምርልዎታል፤ ከዚያም አልሆነ ሲል ቀዶ ጥገና ያስባል። ዋናው ጠብታ ገና አልተሞከረም። የባሰው ደግሞ የቀጠሮው ሰሞን ብቻ በደንብ መጨመር ነው፤ ያኔ ግፊቱ ጥሩ ይወጣል፣ ነርቩ ግን እያለቀ ይሄዳል፣ ሐኪሙም ምክንያቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ «ባለፈው ወር አሥር ቀን ያህል አልጨመርኩም፣ ብር አጥቼ ነው» ወይም «ያቃጥለኛል፣ ስለዚህ እዘላለሁ» ይበሉ። የሚቆጣ ሐኪም ይኖራል፤ ተቆጥቶም ግን ጠብታውን ሊቀይርልዎት ይችላል። ያልነገሩትን አይቀይርም።

ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ያለዎትን ጠርሙስ ሁሉ፣ ባዶውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ደብተሩንም። እዚያው ሐኪሙ ወይም ነርሷ ፊት አንዴ ጨምረው ያሳዩ፤ ስህተቱን በአንድ ደቂቃ ያዩታል። ትንፋሽ ማጠር፣ ልብ ዝግ ማለት፣ የዓይን ሽፋን ማበጥና ማሳከክ ካለ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ዓይን ድንገት ቀልቶ በኃይል ከታመመ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ከታየ፣ ማስመለስ ከመጣ ደግሞ የዚያኑ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሂዱ።

«ግፊትዎ ጥሩ ነው» ሲባሉ የሚጠይቁት ጥያቄ ይኑርዎት፦ «እንግዲህ ልቀጥል አይደል?» መልሱ አዎን ነው። ጥሩ የሆነው በጠብታው ነው፤ ሲቆም ይመለሳል። እናቴ ባለፈው ሰኔ ቀኟ 15፣ ግራዋ 16 ሲወጣ «ዳንኩ» ብላ ጠርሙሱን ለጎረቤት ልትሰጥ ነበር፤ ከእጇ ላይ ቀማኋት።

አንድ ነገር ቀረ። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል፣ በወንድምና እህት ላይ ሥጋቱ በተለይ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ወንድምና እህትዎን፣ አርባ የደፈኑ ልጆችዎንም፣ ምንም ሳያማቸው ግፊታቸውንና ነርቫቸውን እንዲያስዩ ይንገሯቸው። እናቴ ለታናሽ ወንድሟ ሦስት ጊዜ ደውላለታለች። «እኔ ጥርት አድርጌ ነው የማየው» ይላታል። እሷም «እኔም እንደዚያው ነበር የምለው» ብላ ስልኩን ዘጋችበት፤ በሳምንቱ ግን ሚስቱ ቀጠሮ አስያዘችለት።